ሦስተኛው ካንዴላ

የቤንዚን ሽታ ከእጅ ቶሎ አይለቅም። በሳሙና እሹት፣ በሎሚ እሹት፣ እራት ላይ እንጀራ ስትቆርሱ ከጥፍራችሁ ሥር ብቅ ይላል። ባለፈው ክረምት፣ አንድ እሁድ ከሰዓት በኋላ፣ ግቢያችን ውስጥ የአሮጌ መኪናዬን ኮፈን ከፍቼ፣ አንዷን ካንዴላ ፈትቼ ወደ አፍንጫዬ ባስጠጋኋት ጊዜ ያ ሽታ ይዞኝ ጭልጥ አለ። ለማያውቅ ልንገር፤ ካንዴላ ማለት ሞተር ውስጥ እሳት የምትጭር፣ አውራ ጣት የምታህል የብረትና የሸክላ ዕቃ ናት። የእኔዋ መኪና አራት አላት። አራቱም ተራቸውን ጠብቀው ከጫሩ ሞተሩ ያንጎራጉራል። አንዷ ካኮረፈች ግን መኪናዋ እንደ አንካሳ በቅሎ እየነጠረች ነው የምትሄደው። የእኔዋ ከዓርብ ጀምሮ ትነጥር ነበር።

በትዝታ የሚጠፋበት ቀን አልነበረም። ባለቤቴ አስቴር በር ላይ ወንበር አስወጥታ፣ ሁለት ትራስ ከጀርባዋ አድርጋ ታየኛለች። ኩላሊቷ ሥራ ካቆመ ሁለተኛ ዓመቱን ይዟል። ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ሆስፒታል ትገባና አራት ሰዓት ሙሉ ደሟ በማሽን ይታጠባል። ዓርብ ዕለት ይህችው መኪና እየተንገጫገጨች መንገድ ላይ አዘገየችን። ደርሰን ማሽኑ ላይ ብትወጣም ከኋላዋ ሌላ ተረኛ ስለነበረ ከሁለት ሰዓት በኋላ አወረዷት። ነርሷ ወደ ጎን ሳብ አድርጋኝ፣ «ጋሼ፣ ሰኞን እንዳትቀሩ። ሰኞም ከቀራችሁ እኔ እንጃ» አለችኝ። ቅዳሜ እግሯ አብጦ ጫማ አልገባ አላት። ጋደም ስትል ትንፋሽ ስለሚያጥራት ቅዳሜን ለእሁድ ቁጭ ብላ ነው ያደረችው። ስለዚህ እሁድ ዕለት ያቺን ሞተር ስከፍት የምከፍተው ሞተር ብቻ አልነበረም፤ ይህን እኔም አውቃለሁ፣ እሷም ታውቃለች፣ ሁለታችንም አናወራውም።

በስልክ የሚጠራ ታክሲ እያለ ምን አስጨነቀህ ትሉኝ ይሆናል። ሰፈራችን ከእንጦጦ እግር ሥር ነው። ኮብልስቶኑ እኩል መንገድ ላይ ያልቅና ከዚያ በላይ ክረምት የቦረቦረው አፈርና ድንጋይ ነው። ሹፌሮቹ እታች ይደርሱና ዳገቱን ቀና ብለው አይተው ጉዞውን ይሰርዙታል። አልፈርድባቸውም። እኔም በታክሲ ነጂነቴ ዘመን ይህን የመሰለ ዳገት ሳይ ነዳጅ ጨርሻለሁ እያልኩ ስንቱን ሰው ዝናብ ላይ ትቼ ሄጃለሁ። የእጄን ነው ያገኘሁት።

ያኔ ሰማያዊና ነጭ የተቀባች ትንሽ የጣልያን ታክሲ ነበረችኝ፤ ሰይቼንቶ ነበር የምንላት። ሞተሯ ከኋላ፣ ዕቃ መጫኛዋ ከፊት ነው። ከፒያሳ ሽሮ ሜዳ በነፍስ ወከፍ ስሙኒ፤ ሰው በጉልበቱ አገጩን ነክቶ እየተቀመጠም ቢሆን ታክሲ ተሳፈርኩ ብሎ ኮራ ይላል። ሰሜን ማዘጋጃ ጥግ ላይ አንዲት ሻይ ቤት ነበረች፤ ሻይ በአሥር ሳንቲም፣ ሳምቡሳ ከትኩስ ቃሪያ ጋር፣ ከባንኮኒው በላይ ደግሞ በዳንቴል የተሸፈነ ራዲዮ። ዘፈን ሲጀምር ባለቤትየዋ ብርጭቆ ማጠቡን ታቆማለች፤ እኛም ማውራቱን እናቆማለን። ሱሪያችን ከታች እንደ ቃጭል የተነፋ ቤልቦተም ነበረ፤ የጉለሌን ጭቃ ሁሉ እየጠረግንበት እንሄዳለን። የሸሚዜ ኮሌታ ትከሻዬ ላይ ይደርሳል፤ ጎፈሬዬ ውስጥ ሁልጊዜ አንድ ማበጠሪያ ተሰክቶ ይውላል። መንግሥት ተለወጠ ሲባል እኔ ትዝ የሚለኝ የቤንዚን ሰልፉ ነው፤ ማን ወጣ ማን ወረደ የሚለውን የተማረ ይጻፈው። ዛሬ በዚያ ጥግ ሳልፍ መስታወት የለበሰ ፎቅ ነው የማየው። ባለፈው ዓመት ሻይ ቤቷ የቱ ጋ እንደነበረች ለልጄ ላሳያት ብዬ ቆምኩና፣ እዚህ ጋ ነበረች ብዬ ጣቴን የቀሰርኩት የብስክሌት መንገዱ መሀል ላይ ሆነ።

ሙያውን ያስተማረኝ ጋሽ በየነ ነው። ጋራዥ የለውም፤ ወንዙ አጠገብ ካለ ባሕር ዛፍ ሥር አንድ የዕቃ ሳጥን፣ ሁለት ድንጋይና ስንቱን ሞተር የሰማ ጆሮ ነበረው። ካፖርቱን በጋም ሆነ ክረምት አያወልቅም። መኪና ሲመጣለት መጀመሪያ እጁን አያነሳም፤ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል። ከዚያ ሞተሩ እየሠራ የካንዴላዎቹን ገመድ አንድ በአንድ እንድነቅል ያዘኛል። የደህናውን ካንዴላ ገመድ ስትነቅል ሞተሩ ይባስ ይወላገዳል፣ ይቆጣል። የታመመውን ስትነቅል ግን ድምፁ ቅንጣት አይለወጥም።

«አየህ፣» ይለኛል ጋሽ በየነ፣ «ሲነቀል የማይከፋው እሱ ነው በሽተኛው። ቀድሞስ መች ነበረና!»

ሁለተኛው ትምህርት የእሳቱ ተራ ነበር። አራቱም ገመዶች የሚነሡት እሳት ከሚያከፋፍል አንድ ክብ ክዳን ነው፤ ከክዳኑ ሥር አንዲት ጣት እየዞረች ለእያንዳንዱ ካንዴላ እሳቱን በተራ ታድለዋለች። አንድ፣ ሦስት፣ አራት፣ ሁለት፤ ወደ ቀኝ። ጋሽ በየነ ይህን ዳዊት እንደሚደግም ተማሪ አስደግሞኛል። ከተሳሳትኩ በካቻቪቴው እጀታ አናቴን ቋ ያደርገኛል። አንድ፣ ሦስት፣ አራት፣ ሁለት፤ ወደ ቀኝ። መሪ ላይ ሆኜ እደግመዋለሁ፣ ፀጉሬን ሳበጥር እደግመዋለሁ፤ ሠርጌ ዕለት ቄሱ ሲባርኩኝ ሳይቀር በሆዴ ስደግመው ራሴን ይዤዋለሁ። በኋላ በኋላ አፌ ሲተወው እጄ ያዘው። ዓይኔን ጨፍኜ ገመዶቹን በቦታቸው እሰካ ነበር።

አስቴርንም ያገኘኋት በዚያችው ታክሲ ነው። የሽሮ ሜዳ የሸማኔ ልጅ ናት። አባቷ ከጋሞ ደጋ መጥተው እዚህ የቀሩ፣ እግራቸውን ጉድጓድ ውስጥ ከትተው ከጠዋት እስከ ማታ መወርወሪያ ሲወረውሩ የሚውሉ ዝምተኛ ሰው ነበሩ። እሷ ከመርካቶ ክር ታመጣላቸዋለች። አረንጓዴ ሹራብ፣ ነጭ ሻሽ፣ የላስቲክ ጫማ፤ እቅፏ ውስጥ ደግሞ ከራሷ የሚበልጥ የክር ጥቅል። የመጀመሪያ ቀን ለጥቅሉም ትከፍያለሽ አልኳት።

«ከእኔና ከጥቅሉ ማን ይከብዳል?» አለችኝ።

«አንቺ።»

«እንግዲያው ለከባዱ ልክፈልና ቀላሉን በነፃ ውሰደው።»

ወሰድኩት። የሽሮ ሜዳን ዳገት ስንጋፈጥ ታክሲዬ መነጠር ጀመረች። ወርጄ ከኋላ ሞተሩን ከፈትኩ፤ ልጅቷ እያየችኝ ስለነበረ በጨርቅ መያዙን ንቄ ገመዱን በባዶ እጄ ጨብጬ ነቀልኩት። እሳቱ ክንዴን መትቶ ወደ ኋላ ወረወረኝ፤ ከነቤልቦተሜ ጭቃው ውስጥ ቁጭ። አስቴር የክር ጥቅሏን ታቅፋ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። ስታገባኝም ያንኑ ሳቋን ይዛ ነው የመጣችው። የእኔ ዘመዶች ሸማኔ ብለው አኮረፉ፤ የእሷ ዘመዶች የታክሲ ነጂ ሰካራም ነው ብለው ጾም ጸሎት ያዙብኝ። ሁለቱም ወገን ጊዜ ሲያልፍ ተወው። እስከ ዛሬ እሷ ቸርቿ ትሄዳለች፣ እኔ እንጦጦ ማርያም እስማለሁ፤ ስንመለስ አንድ ገበታ ላይ ነን።

እና ያን እሁድ፣ ሞተሩን አስነስቼ ገመዶቹን ስነቅል፣ ጋሽ በየነ ከአጠገቤ የቆመ ያህል ነበር። አንደኛውን ነቀልኩ፤ ሞተሩ ተቆጣ። ሁለተኛውን፤ ተቆጣ። ሦስተኛውን ስነቅል ዝም። ምንም ለውጥ የለም።

«አገኘኸው?» አለች አስቴር ከወንበሯ።

«ሦስተኛው ነው።»

«ታዲያ ምን ያስቅሃል?»

«ጭቃው ውስጥ የወደቅኩት ትዝ ብሎኝ።»

«እኔስ መች ረሳሁት» አለችና ፈገግ አለች፤ ሳቁ ግን ትንፋሽ ስለሚፈልግ አልሳቀችም።

የካንዴላው ሸክላ ተሰንጥቆ፣ ጫፉ ጥላሸት ጠጥቶ ነበር። በብስኩት ጣሳ ውስጥ ካስቀመጥኳቸው መለዋወጫዎች አንድ አዲስ አገኘሁና ተካሁት። እዚያ ላይ ማብቃት ነበረብኝ። ግን የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደሚባለው፣ ለነገ አንድም ነገር እንዳያሰጋኝ ብዬ ሌሎቹንም ካንዴላዎች ልጥረግ አልኩ። አራቱንም ገመድ ከክዳኑም ከካንዴላውም ነቅዬ፣ ክዳኑን ከፍቼ እርጥበቱን በጨርቅ አደረቅሁ። ይህን ስጨርስ እንጦጦ ላይ ነጎድጓድ አጉረመረመና ዝናቡ መጣ። ሞተሩ ላይ ላስቲክ ጣል አድርጌ አስቴርን ደግፌ ወደ ቤት አስገባኋት። ከበሩ እስከ ሶፋው ስድስት እርምጃ ቢሆን ነው። ሦስት ጊዜ አረፈች።

ዝናቡ ሲያባራ ተመልሼ ገመዶቹን ሰካኋቸው። በአፌ የሻይ ቤቷን የዚያን ዘመን ዜማ አንጎራጉራለሁ፤ እጄ ሥራውን ያውቀዋል፤ እኔ አላስፈለግኩትም። ኮፈኑን ከድኜ ቁልፉን ባዞር መኪናዋ ተንቀጠቀጠች፣ ታነቀች፣ ከዚያ በማርሚታው፣ በጭስ ማውጫው በኩል «ጧ!» አለች። የሰፈሩ ውሻ በሙሉ ጮኸ። ደግሜ አስነሳሁ፤ «ጧ!» አለች ደግማ። ቅድም በሦስት ካንዴላ ትሠራ የነበረች መኪና አሁን በሁለት ነው የምትሠራው። ገመድ ብነቅል ሁለተኛውም ሦስተኛውም ዝም፤ ሁለት በሽተኛ። በጣሳው ውስጥ የቀሩትን ካንዴላዎች ሁሉ ቀያየርኳቸው፤ ምንም። ቤንዚኑ ነው ብዬ ካርቡራተሩን ፈታሁ፣ ነፋሁ፣ ገጠምኩ፤ ምንም። ውሃ ወደ ሞተሩ ገብቶ ይሆናል ብዬ ራዲያተሩን አየሁ፤ ሙሉ ነው። ሲመሽ እጄን ስታጠብ ውሃው ጥቁር ሆኖ ሲወርድ አየሁና፣ አለቀልን አልኩ በሆዴ። እንዲህ ያለ ፍርሃት የያዘኝ ሠናይት ልጄ በሕፃንነቷ በኩፍኝ የተያዘች ጊዜ ነው።

ሰኞ ጠዋት፣ ለማንም ሰው ልናገረው የማልፈልገው ነገር ሆነ፤ ግን እጽፈዋለሁ። ከቤት ወጥቼ በቀጥታ ወደ መኪናዋ ኋላ ሄድኩና የዕቃ መጫኛውን ከፈትኩ። ጎንበስ ብዬ ቆምኩ። ውስጡ ትርፍ ጎማና አንድ ጀሪካን አለ። ሞተሩ ወዴት ሄደ ብዬ ነው የቆምኩት። ምን ያህል እንደቆምኩ አላውቅም።

«ምን ጠፋህ?» አለች አስቴር ከመስኮቱ።

«ካቻቪቴ» አልኳት። ካቻቪቴው እጄ ላይ ነበር።

ሠናይት ከሐዋሳ ደወለች፤ ሥራዋ እዚያ ነው። «አባዬ፣ ያቺን ቆርቆሮ ሽጣት ስልህ እምቢ አልክ። አሁን እማዬን በምን ልትወስዳት ነው?» አለችኝ። ድምጿ ሲሰበር ሰማሁና ልቆጣት ያሰብኩትን ዋጥኩት። የምታውቀው መካኒክ ጋ ደውላ ነበር፤ ነገ እመጣለሁ ብሏታል። ነገ! ከታች አስፋልቱ ዳር የነበረው ጋራዥ መንገዱ ሲሰፋ ተነሥቷል፤ እኔ የማውቃቸው መካኒኮች ደግሞ ወይ አርጅተዋል ወይ ተቀብረዋል።

አራት ሰዓት ገደማ አቶ ግርማ መጣ። የእድራችን ሰብሳቢ ነው፤ ግድግዳ እንጋራለን፤ የመኪናዋን ጩኸት እንደ ሰዓት ሲቆጥር ነው ያመሸው። ኮፈኑ ውስጥ አየ፣ እኔን አየ፣ ባርኔጣውን አወለቀ።

«ጋሽ ታደሰ፣ እኛ እያለን ምን ያስጨንቅዎታል? አራት ጎረምሳ እጠራለሁ። ወይዘሮ አስቴርን በወንበር ይዘን እስከ አስፋልቱ እናወርዳታለን፤ ከዚያ ወዲያ ታክሲ ሞልቷል።»

ሰውየው ቅን ነው። ግን ዳገቱ ሙልጭ ብሎ እንደ ሳሙና ሆኗል፤ ባዶ እጁን የሚወርድ ሰው እንኳ ግንብ እየያዘ ነው የሚወርደው። መልሱን የሰጠችው አስቴር ናት።

«ጌታ ይባርክህ አቶ ግርማ» አለች፤ በየሁለት ቃሉ እየተነፈሰች። «በእድር ሰው ትከሻ ከዚህ ግቢ የምወጣው አንድ ቀን ነው። ዛሬ አይደለም።»

አቶ ግርማ ባርኔጣውን መልሶ ደፋ። ሲወጣ በሩ ላይ ጠጋ ብሎ፣ «እሷ እምቢ ብትልም በሰባት ሰዓት ልጆቹን ይዤ እዚህ ነኝ» ብሎኝ ሄደ።

ስድስት ሰዓት ሆነ። ባትሪው መድከም ጀምሯል፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ካስነሳሁ በኋላ እሱም ሊያበቃለት ነው። አስቴር ደግፈህ አውጣኝ ብላ በሩ ላይ ተቀምጣለች። ከንፈሯ ጠቁሯል። እኔ ሞተሩ ላይ ጎንበስ ብዬ ምንም አልሠራም፤ የምሠራው ነገር አልቆብኛል። እያለቀስኩ ነበር ብል ያምርብኛል፤ እውነቱ ግን እየተሳደብኩ ነበር። መኪናዋን ተሳደብኩ፣ ክረምቱን ተሳደብኩ፣ ጋሽ በየነን እንኳ አልማርኩትም።

«ታደሰ» አለች አስቴር። «እነዚህ ክሮች ትናንት እንዲህ አልነበሩም።»

«ክር አይደሉም፣ ገመድ ናቸው።»

«ይሁኑ። ትናንት ከዝናቡ በፊት አንዱ አንዱን አይረግጠውም ነበር። አሁን መሀል ያሉት ሁለቱ ተጠላልፈዋል።»

«አንቺ ስለ ሞተር ምን ታውቂያለሽ?» ብዬ ጮህኩባት። «ሃምሳ ዓመት የነካካሁትን ሞተር ልታስተምሪኝ ነው?»

በሕይወቴ ብዙ ያፈርኩባቸው ነገሮች አሉ። በዚያ ሰዓት በዚያች ሴት ላይ መጮኼን የሚያህል ግን የለም። አልተቀየመችም፤ ለመቀየምም አቅም ይፈልጋል።

«ስለ ሞተር አላውቅም» አለች። «የተጠላለፈ ድር ግን ከሩቅ አውቃለሁ፤ ያንን ስፈታ ነው ያደግኩት። ደግሞ ይህችን መኪና ሃምሳ ዓመት አልነካካሃትም። ይህችን የገዛናት ሠናይት ዩኒቨርሲቲ ስትገባ ነው። አንተ የምትላት ሰማያዊዋን ነው። እሷን ሸጠናታል እኮ፣ ታደሰ።»

ጨርቅ ናፍጣ ውስጥ ነክሬ የክዳኑን ሥር ጠረግሁት። የስንት ዓመት ቅባት ተነሥቶ ብረቱ ላይ የተቀረጸ ትንሽ ቀስት ወጣ። ቀስቱ ወደ ግራ ነው የሚያመለክተው። በዚህችኛዋ መኪና ጣቷ የምትዞረው ወደ ግራ ነው። አንድ፣ ሦስት፣ አራት፣ ሁለት፤ ወደ ግራ። ይህን የማላውቀው ነገር አልነበረም። የዚህችን መኪና ገመዶች በእነዚህ እጆች ስንት ጊዜ ፈትቼ ወደ ግራ ሰክቻቸዋለሁ፤ አንድም ቀን ተሳስቼ አላውቅም። እሁድ ዕለት ግን እጄ የሰካው የሰማያዊዋን ታክሲ ተራ ነው፤ ወደ ቀኝ። በዚህም ሁለተኛውና ሦስተኛው ቦታ ተለዋውጠው፣ አንዱ የሌላውን እሳት ሲወስድ ነው ያደረው። ብልሽቱን እሁድ ከሰዓት ላይ ጠግኜው ነበር። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ የእኔ ሥራ ነው።

ሰው ሲያረጅ ይረሳል፤ ይህን ሁሉም ይቀልድበታል፣ እኔም እቀልድበት ነበር። መነጽር ግንባር ላይ አድርጎ መነጽር መፈለግ የታወቀ ነው። እኔን ያስደነገጠኝ መርሳቱ አይደለም። እኔ አልረሳሁም፤ አስታወስኩ። አጥርቼ፣ ሳልሳሳት፣ ከነዜማው አስታወስኩ፤ ያስታወስኩት ግን ከቤታችን ከወጣች ዘመን የሆናትን መኪና ነው።

ሁለቱን ገመዶች አለዋወጥኳቸው። ባትሪው አንዴ አቃሰተ፣ ሁለቴ አቃሰተ፣ በሦስተኛው ሞተሩ ተነሣ፤ ለስለስ ብሎ፣ በአራቱም። አቶ ግርማ አራቱን ጎረምሶችና አንድ የእንጨት ወንበር ይዞ በር ላይ ደርሶ ነበር። ድምፁን ሲሰማ ወንበሩን መሬት አስቀምጦ ራሱ ተቀመጠበትና፣ «ተመስገን» አለ። ጎረምሶቹ አስቴርን ደግፈው ከፊት ወንበር ላይ አስቀመጧት፤ እኔ በመጀመሪያ ማርሽ፣ ፍሬን በስሱ እየነካሁ፣ ያንን ሙልጭ ያለ ቁልቁለት ወረድኩት። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን ተጠንቅቄ ነድቼ አላውቅም።

አስፋልቱ ላይ ስንደርስ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል።

«ግራ» አለች አስቴር፣ ወደ ውጭ እያየች፣ እንደዋዛ።

ወደ ግራ ታጠፍኩ። ትንሽ ሄደን አደባባዩ ጋ ስንደርስ፣ «ሁለተኛው መውጫ» አለች። ከዚያ ቤተ ክርስቲያኑን እንዳለፍን፣ «አሁን ቀኝህን ያዝ» አለች። ድምጿ ስለ ዝናብ የምታወራ ያህል ቀላል ነው። መኪና ውስጥ ሁልጊዜ እንዲህ ታወራለች። የሕመም ወሬ ነው፣ ጭንቀቷን ማስረሻ ነው እያልኩ ስሰማት ኖሬያለሁ። ያን ቀን ግን ጆሮዬ ተከፍቷል።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አልኳት።

«ምኑ?»

«መንገድ የምትነግሪኝ።»

ነጠላዋን አስተካከለች።

«ከፋሲካ ወዲህ ነው» አለች። «ሰሜን ማዘጋጃ ጋ ቆመህ ወዴት እንደምንሄድ ሲጠፋህ አየሁህ። ከኋላህ ጡሩምባ ይነፋሉ፤ አንተ መሪውን ይዘህ ታየዋለህ። ግራ ነው አልኩህ፤ አውቃለሁ አልከኝና ሄድክ።»

አላስታውሰውም። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባላል።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ብነግርህ መንዳት ትተዋለህ» አለች አስቴር። «ከዚያ እኔን ማን ያደርሰኛል?»

ከዚያ በኋላ እስከ ሆስፒታሉ ከቀኝና ከግራ በቀር ሌላ ቃል አልተነጋገርንም።

ለስምንት ሰዓት አምስት ጉዳይ ደረስን። ነርሷ አስቴርን ስታይ ፊቷ ላይ ያየሁት እፎይታ ምን ያህል ለጥቂት እንደተረፍን ነገረኝ። ማሽኑ ላይ አወጧት፤ ቀይዋ ቱቦ ስትሞላ አየሁ። ሌላ ጊዜ እሷ ማሽን ላይ ስትሆን እኔ መርካቶ ወርጄ ዕቃ እፈልጋለሁ፣ ወይ ቤት ተመልሼ ጋደም እላለሁ። ያን ቀንም ወደ መኪናዋ ተመለስኩ፤ ቁልፉን ሰካሁ። የግቢው በር ፊት ለፊቴ ነው፤ ሲወጡ ወደ ቀኝም ወደ ግራም ይኬዳል። በዚያ በር በሳምንት ሦስት ቀን እየገባሁ ስወጣ ዓመት አልፎኛል። በሩን አየሁት፣ አየሁት። ከዚያ ቁልፉን ነቀልኩና ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ አድርጌ ተቀመጥኩ። ዝናብ መጣ፣ ሄደ፣ ደግሞ መጣ። አራት ሰዓት ሙሉ እዚያው ጠበቅኳት።

አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ በነርሷ ክንድ ተደግፋ ወጣች። ፊቷ ወዝ ተመልሶበታል፤ እግሯም ጫማ ገብቶለታል። ገብታ ተቀመጠች፣ በሩን ዘጋችው፣ የኔን እጅ አየችና ቤንዚን ሸተትክ አለችኝ። ሞተሩን አስነሳሁ።

«ስትወጣ ቀኝ ነው» አለችኝ።

«አውቃለሁ» አልኳት።

አላውቅም ነበር።